«ፔትሪኮር»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

ደሴ ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን የሳይንስ ጽሑፍ ስተረጉም «ፔትሪኮር» የሚለው ቃል አስቸገረኝ። ቃሉን በ1964 እ.ኤ.አ. የፈጠሩት በአውስትራሊያ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪዎች ኢዛቤል ጆይ ቤር እና ሪቻርድ ቶማስ ሲሆኑ፣ ድንጋይን ከሚያመለክት የግሪክ ቃልና በግሪኮች አፈ ታሪክ በአማልክት ደም ሥር ይፈስሳል ከሚባለው ፈሳሽ ስም አጣምረው፣ ከደረቅ ወቅት በኋላ ዝናብ መሬት ሲነካ የሚነሣውን ጠረን ሰይመውበታል። «የዝናብ ሽታ» ብዬ ስተረጉመው ጠረኑ ከውሃው የመጣ አስመሰለው፤ «የአፈር ሽታ» ደግሞ የአፈር ባክቴሪያዎች ከሚያመነጩት፣ ጽሑፉም ለብቻው ከሚያብራራው «ጂኦስሚን» ጋር ተምታታብኝ። ቃሉን እንዳለ መተው ይቻል ነበር፤ ሆኖም ጠረኑን ከልጅነቱ ለሚያውቅ የወሎ ተማሪ ባዕድ ስም ማሸከም አልወደድኩም። በአካባቢያችን ያሉ ገበሬዎች የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ደረቁን መሬት ሲመታ የሚነሣውን ይህን ጠረን በምን ስም ይጠሩታል?