ከአገር ቤት ለመጣች እናቴ ምን ላሳያት? የፖቶማክ ድልድዮች ታሪክ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጥታለች። እኔም ባለቤቴም ሁለት ሁለት ሥራ ስለምንሠራ ከቤት አልወጣችም። ያለን እሑድ ብቻ ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ብዙ ወጪ የሌለው፣ ለእሷም ለልጆቹም ቁም ነገር ያለው ቦታ ጠቁሙን።

መልስ፦
እህቴ፣ እማማን እንኳን ደህና መጡ በይልን። እኔ የምመክርሽ ቨርጂኒያንና ዋሽንግተን ዲሲን በሚለየው በፖቶማክ ወንዝ ላይ ያሉትን ድልድዮች ነው። ታክሲ ስለምነዳ ቀን በቀን እመላለስባቸዋለሁ። ታሪካቸውን ካወቅሁ ወዲህ ይህች ከተማ ይበልጥ የኔ ሆናለች።

ከሜሞሪያል ብሪጅ ጀምሩ። በአንድ ጫፉ የሊንከን መታሰቢያ አለ። በሌላው በኩል፣ ከአርሊንግተን መካነ መቃብር በላይ ኮረብታው ላይ፣ የደቡቡ ጦር አዛዥ የጄኔራል ሮበርት ሊ ቤት ይታያል። ድልድዩ እዚያ የተሠራው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉት ሰሜንና ደቡብ መታረቃቸውን እንዲያሳይ ታስቦ ነው። ወንድም ከወንድሙ ሲዋጋ ላየን ለእኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኔን ሁሌም ልቤን ይነካኛል።

ሐሳቡ ብዙ ዘመን ወረቀት ላይ ነበር የቀረው። በ1921 (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞተ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ወታደር አርሊንግተን ሲቀበር ፕሬዝዳንት ሃርዲንግ ራሳቸው ወደ ቀብሩ ሲሄዱ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ተፈቀደ፤ ድልድዩም በ1932 ተመረቀ።

ለእማማ ግን ይህን ንገሪያቸው። ኖቬምበር 1963 የፕሬዝዳንት ኬኔዲ አስከሬን በፈረስ ተስቦ አርሊንግተን የደረሰው በዚህ ድልድይ ተሻግሮ ነው። ቀብሩ ላይ ከቆሙት የውጭ መሪዎች አንዱ ጃንሆይ ነበሩ። ገና በኦክቶበር መጀመሪያ ኬኔዲ ራሳቸው ዋሽንግተን ላይ በክብር ተቀብለዋቸው ነበር! ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው እዚያ ቆሞ የሚያወጋው አያጣም።

ቀጥሎ 14ኛው ስትሪት ብሪጅ። ከቨርጂኒያ ወደ ዲሲ የሚያስገባው ድልድይ በአርላንድ ዊሊያምስ ስም ነው የሚጠራው። ጃንዋሪ 13 ቀን 1982 በረዶ እየጣለ ነበር። ከናሽናል ኤርፖርት የተነሳ የኤር ፍሎሪዳ አውሮፕላን ከፍ ማለት አቅቶት ድልድዩን መታ። መኪኖች ጨፍልቆ በረዶ የጋገረው ወንዝ ውስጥ ገባ። 78 ሰው ሞተ። ስድስት ሰዎች ከአውሮፕላኑ ጭራ አጠገብ ተንጠልጥለው ቀሩ። ሄሊኮፕተር ገመድ ሲጥል ከስድስቱ አንዱ የሆነው ዊሊያምስ እየተቀበለ ለሌሎቹ ያሳልፍ ነበር። ገመድ መያዝ ያቃታትን አንዲት ሴት ደግሞ ከዳር ሆኖ ያይ የነበረ ሌኒ ስኩትኒክ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ዘሎ ገብቶ አወጣት። አምስቱ ተረፉ። ሄሊኮፕተሩ ለዊሊያምስ ሲመለስ እሱ ሰምጦ ነበር። የባንክ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ከሌሎቹ ጋር ዝምድናም ትውውቅም አልነበረውም። እዚያ ላይ ትራፊክ ሲይዘኝ ለተሳፋሪዬ ይሄን ታሪክ እነግራለሁ። ልጆችሽም ይስሙት።

ሌላ መልስ፦
እኔ ባልቲሞር ነኝ። የእኛ ኪ ብሪጅ ማርች 26 ቀን 2024 ሌሊት መርከብ መትቶት ወደቀ። መርከቧ የድረሱልኝ ጥሪ ስላሰማች ፖሊስ ወዲያው መኪና አስቆመ፤ ብዙ ሕይወት ተረፈ። አስፋልት ሲጠግኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ግን አለቁ። ሁሉም ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። እኔም የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። ቤተሰቦቻቸው ያን ጠዋት ስልክ እየደወሉ ሲጠብቁ ሳስበው አሁንም ያመኛል። አዲሱ ድልድይ ሲያልቅ ስማቸው በትልቁ እንዲጻፍበት እፈልጋለሁ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሜሞሪያል ብሪጅ እንሄዳለን። እናቴ የጃንሆይን ነገር ስትሰማ ካልሄድን ብላለች። ግን ጉልበቷን ያማታል፤ ከአርሊንግተን ሜትሮ በእግር ይርቃል?

መልስ፦
ድልድዩ ብቻ 660 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሜትሮው ሲደመር ይከብዳቸዋል። ሊንከን ጋር በመኪና አውርዷቸውና ቀስ ብለው እስከ መሃል ሄደው ይመለሱ። ወንዙ ላይ ነፋሱ ስለሚበረታ ጋቢ እንዳትረሱ።