በጓንት የሚታሰርና የሚፈታ የስኖውሹ ማሰሪያ የትኛው ነው?

ቆቅ ፈላጊ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ወደ ሰሜን፣ ኢሊ ወደምትባለው ከተማ አካባቢ እየሄድን እናድናለን። በመጸው የእኛን ቆቅ የምትመስለውን ግራውስ የተባለች የጫካ ወፍ፣ በረዶው ከወፈረ በኋላ ደግሞ ክረምት ሲገባ ጸጉሯ የሚነጣውን ጥንቸል። (ጥንቸሏን የሚበላት እሱ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከእናቴ ጋር መጣላት አልፈልግም።)

ስኖውሹን ለማያውቅ፦ ከቦት ጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ መራመጃ ነው። የሰውን ክብደት በሰፊ ቦታ ስለሚያሳርፈው ጥልቅ በረዶ ውስጥ እስከ ጉልበት አንሰምጥም። አምና የገዛሁት ክፈፉ አሉሚኒየም ሲሆን ማሰሪያው ጥርስ ባለው የፕላስቲክ ቀበቶ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚጠብቅ ነው። ሱቅ ውስጥ ስሞክረው ወድጄው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። በጥርሶቹ መካከል የገባው በረዶ ቀልጦ ነበርና ተመልሶ ሲረጋ መፍቻው አልንቀሳቀስ አለ። ጓንቴን አውልቄ ታገልኩት፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። በመጨረሻ እግሬን ከቦቱ ውስጥ መዝዤ በካልሲ መኪና ውስጥ ገባሁ። ባልደረባዬ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ቦቴ ውስጡ ወፍራም ሱፍ ያለበት፣ ቁጥሩ 45 የሆነ ትልቅ ነው። የምንሄድበት ቦታ ረግረግ፣ የወደቀ ግንድ የበዛበት ጫካና አንዳንድ ጊዜም በብርድ ግግር የሆነ ሐይቅ ነው። ደግሞ ድምፁ! ቅርፊት በሠራ በረዶ ላይ ስራመድ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የምሄድ ይመስላል። ምን ዓይነት ማሰሪያ ትመክሩኛላችሁ?

ጠፍር አልጋ፦

ወንድሜ፣ በካልሲ መግባት የመጀመሪያው አንተ አይደለህም፤ የመጨረሻውም አትሆንም። እኔ እዚሁ ሰሜን ሚኒሶታ፣ ዱሉዝ ከተማ ስኖር ሃያ ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ጥርስ ያለው፣ በሽቦ የሚጠመዘዝ፣ ዘለበት ያለው ሁሉ እጄ ላይ አልፏል። አሁን የምጠቀመው ምን እንደሆነ ብነግርህ ትስቃለህ፦ ካላማዳሪ። አዎ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ። አገር ቤት ወንጭፍ የምንሠራበት።

ምክንያቱን ላስረዳህ። በብርድ ጊዜ ማሰሪያን የሚያበላሸው በረዶው ራሱ ሳይሆን መቅለጡ ነው። የእግርህ ሙቀት በቦቱ አልፎ የሚነካውን በረዶ ያቀልጠዋል፣ ውኃው ስፌትና ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ለአፍታ ቆመህ ዱካ ስታይ ይረጋል። ናይለን ጨርቅ ውኃ ይመጥጣል፤ ቆዳም እንዲሁ። ካላማዳሪ ግን ውኃ የሚመጥጥ አካል የለውም። በረዶ ቢይዝ እንኳ ጎተት ስታደርገው ይለጠጥና የያዘው ግግር ተሰንጥቆ ይረግፋል። ጎርበጥ ያለ ነገር ስለሌለው ድምፅ የለውም። ደግሞም የሚቋጠርና የሚፈታ ነገር የለበትም፤ ተረከዝህ ላይ ያለውን ቀለበት በወፍራም ጓንት ወደ ታች ገፋ ማድረግ ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰፊ ቁራጭ የቦቱን አፍንጫ ያቅፋል፤ ሌላ ቀለበት የሆነ ቁራጭ ተረከዙን ያቅፋል። ሁለቱም የሚያያዙት በመራመጃው ላይ ከእግር ጣት ቀዳዳ ኋላ በተወጠረው ወፍራም ጠፍር ላይ ነው። ቀለበቱ ሳይለጠጥ ተረከዝህን ለመዞር ትንሽ ማጠር አለበት። ያንተ አሉሚኒየም መራመጃ ግን ይህን አይቀበልም፤ ይህ ለእንጨቱ ነው። ከእንጨቱም እኔ የምመርጠው በሁለቱም ጫፍ የሾለውን የኦጂብዌ ቅርጽ ነው። ኦጂብዌዎች የዚሁ የሰሜን ሚኒሶታ ነባር ሕዝብ ናቸውና ሥራቸው ለዚህ ጫካ የተስማማ ነው፤ የሾለው አፍንጫ ቁጥቋጦውን እየሰነጠቀ ያልፋል። ወለሉ የተጠላለፈ ጠፍር ስለሆነ በቅርፊት በረዶ ላይ እንደ ቆርቆሮ አይጮህም። ጠፍር አልጋ ላይ ያደገ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ ሲርስ ይረግባል፣ ሲደርቅ ይወጠራል። ስለዚህ በቫርኒሽ በደንብ ተቀብቶ ይያዛል፤ ስትመለስም ምድጃ አጠገብ አታስቀምጠው።

እግርህን ስታስገባ የቦቱ አፍንጫ ቀዳዳው ውስጥ ወርዶ የሚወጣ እንጂ የፊተኛውን አግዳሚ እንጨት የሚመታ መሆን የለበትም። ከመታ፣ ወይ አንተ ትደፋለህ ወይ እንጨቱ ይሰበራል።

ስለ መውደቅ ካነሣን አይቀር፦ ስኖውሹ ለብሶ የማይወድቅ የለም። በወደቅህ ቁጥር ጥይቱን አውጣና አፈሙዙን ተመልከት። በረዶ የደፈነው አፈሙዝ ሲተኮስበት ሊፈነዳ ይችላል። እኔ አፉ ላይ ቀጭን ፕላስተር እለጥፍበታለሁ።

ሜዳና ተራራ፦

ጋሼ ጠፍር አልጋ፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። ካላማዳሪው ሜዳ ላይ እርስዎ እንዳሉት ነው። እኔ ግን የምኖረው ዴንቨር ነው፤ ተራራ ላይ ሞክሬው ገደል ሊከተኝ ነበር። በጎን በተንጋደደ ቦታ ላይ እግር አንድ ወገን ሲሄድ መራመጃው ሌላ ወገን ይሄዳል። ላስቲክ የሚይዘው ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አይደለም።

ጠያቂው አሉሚኒየሙን መጣል ካልፈለገ መካከለኛ መፍትሔ አለ። ከለስላሳ ፕላስቲክ የተቀረጹ፣ እንደ ሰዓት ማሰሪያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ጠፍሮች አሉ። ቀዳዳውን ከትንሽ የብረት ምሰሶ ላይ መሰካት ብቻ ነው፤ ጥርስ የለ፣ ጥቅልል ሽቦ የለ። በከባድ ብርድ እንኳ አይደርቁም፤ አንዱ ቢበጠስ ብቻውን ይቀየራል። ስትገዛ ግን ተጠንቀቅ፦ ሱቅ ውስጥ የሚሞከረው በቀላል ጫማ ነው። ሱፍ ያለበትን 45 ቁጥር ቦትህን ይዘህ ሂድ። ጠፍሩ ዞሮ ቢያንስ ሁለት ቀዳዳ ካላተረፈ ተወው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ፤ ማሰሪያው ከክፈፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። በአንዳንዱ ላይ በብረት ዘንግ በነፃ ይዞራል፤ እግርህን ስታነሣ ጅራቱ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ አቀበት ለመውጣት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወደ ኋላ መመለስ ያስቸግራል፣ ዘንጉም በብርድ ይንጫጫል። በሌላው ላይ ደግሞ በተወጠረ ጠፍር ስለሚያያዝ ጅራቱ ከተረከዝህ ጋር ይነሣል። ግንድ ለመሻገርና ባለህበት ለመዞር ይመቻል። ጉዳቱ በየእርምጃው በረዶ ጀርባህ ላይ መርጨቱ ነው፤ በረጅም ካፖርት ይቻላል። አንተ በገለጽከው ጫካ እኔ ሁለተኛውን እወስድ ነበር።

ነርሷ፦

ሁላችሁም ስለ ማሰሪያው ብረትና ላስቲክ ትነግሩታላችሁ፤ ስለ እግሩስ? ወንድሜ ቆቅ ፈላጊ፣ ጣቶችህ የደነዘዙት የእጅህ ብቻ ነበሩ ወይስ የእግርህም? የምጠይቅህ ብዙ ሰው መራመጃው እንዳይወልቅበት ሲል የፊተኛውን ማሰሪያ አለቅጥ ስለሚያጠብቀው ነው። ሱፉን የሚያሞቀው በውስጡ የያዘው አየር ነው፤ ሲጨፈለቅ አየሩ ይወጣል፣ የደም ዝውውሩም ይቀንሳል። በጣቶች ላይ ለቀቅ፣ በእግሩ ጀርባ ላይ ጠበቅ ይሁን። ከአሥር ደቂቃ ጉዞ በኋላ ቆመህ ጣቶችህን አንቀሳቅስ።

የሚያመው ብርድ ገና ደህና ነው። ሕመሙ ድንገት ጠፍቶ ቆዳው ከነጣ ወይም እንደ ሰም ከደነደነ ግን አደኑ አብቅቷል፤ ተመለስ። በበረዶ ማሸት የሚባለውንም የድሮ ምክር አትስማ፤ ቆዳውን ይጎዳዋል።

ሐይቅ ዳር፦

አጭር ነገር ልጨምር። ሐይቅ ላይ ልትወጣ ስትል ማሰሪያህ በአንድ እንቅስቃሴ የሚወልቅ ካልሆነ አትውጣ። ግግሩ ቢከዳህ እግርህ ላይ ያለው ሰፊ መራመጃ ለመዋኘት አያስችልህም። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በእግር ለሚሄድ ሰው የሚመክረው ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር የሆነ አዲስና ጥርት ያለ ግግር ነው። በረዶ የተጫነበት ሐይቅ ደግሞ ያታልላል፤ በረዶው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ግግሩ እንዳይወፍር ያደርገዋል። ከሥሩም ውኃ ያቆራል። እዚያ ረገጥክ ማለት መራመጃህም ማሰሪያህም በደቂቃዎች ውስጥ የድንጋይ ያህል ይከብዳል። ያኔ በዱላ ማራገፍ እንጂ በቢላዋ መፋቅ አይሞከር፤ ጠፍሩን ትቆርጠዋለህ።

ቆቅ ፈላጊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ነርሷ፣ እውነትሽን ነው፤ የእግሬም ጣቶች ደንዝዘው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰዋል። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የኦጂብዌ ቅርጽ ያለው የእንጨት መራመጃ በርካሽ አግኝቻለሁ። የቆዳ ማሰሪያ ከነዘለበቱ አለው። ይህን ልጠቀምበት ወይስ ወዲያው ካላማዳሪ ልፈልግ? ዛሬ ጎማው ሁሉ ካላማዳሪ አልባ ሆኗል፤ የትስ ይገኛል?

ጠፍር አልጋ፦

ቆዳውን ለግድግዳ ጌጥ አድርገው። ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲረጋ እንደ እንጨት ይሆናል፤ ዘለበቱም ያው ያስቸገረህ ዓይነት ነገር ነው። ጠፍሩንና አግዳሚ እንጨቶቹን ግን በጥንቃቄ መርምር፤ የላላ ወይም አይጥ የበላው ካለ ዋጋ አስቀንስ።

ካላማዳሪ የትራክተርና የከባድ መኪና ጎማ የሚጠግኑ ጋ ሂድ፤ የተበሳውን በነፃ ይሰጡሃል። የተሰነጣጠቀውን አትውሰድ። ከሠራኸው በኋላ ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው፤ ጠዋት ቦትህንና ወፍራም ጓንትህን አድርገህ በረንዳ ላይ ዐሥር ጊዜ አስገባና አውጣ። ጓንት ያስወለቀህ ማሰሪያ ጫካ አይሄድም። በዚህ ክፍለ ሀገር ታወር በምትባል ቦታ በ1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ እንዲያ ያለ ቀን ባይገጥምህም ፍሪዘርህ ከጫካው እንደሚሞቅ አትርሳ።

ቆቅ ፈላጊ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

ሠርቼ ሞከርኩት። በፍሪዘሩ ፈተና አንደኛ ወጣ፤ ባለቤቴ ከዶሮው አጠገብ ጎማ አግኝታ ያለችውን አልጽፈውም። ቅዳሜ አምስት ሰዓት ያህል ተጓዝን፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 22 ነበር። ድምፅ የለም፣ በጓንት ገባ፣ በጓንት ወጣ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቁልቁለት ስወርድ ቦቱ ወደ ፊት እየተንሸራተተ አግዳሚውን ሁለት ጊዜ መታው።

ጠፍር አልጋ፦

የአፍንጫው ቁራጭ ሰፍቶብሃል። ቦቱ እስከ ጣቶችህ ሥር ብቻ እንዲገባ ቁራጩን አጥብበው፤ ወይም አዲስ ቁረጥ፣ ካላማዳሪው እንደሆነ ይተርፍሃል። ቁልቁለቱ አጭር ከሆነ በጎን በጎን ውረድ። ጥንቸሏስ?

ቆቅ ፈላጊ፦

ዱካዋን አየን። እሷ ማሰሪያ አያስፈልጋትም።