ዲናሞው ነው ከመባሉ በፊት ይለካ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ጠዋት አንድ ወንድማችን ከቤቱ ርቆ የባትሪው መብራት እንደበራበት ጽፎ ምክር ጠይቋል። በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ ነበር፤ እኔም የደረሰብኝ ነገር ስለሆነ ረዘም አለብኝ።

ከባድ መኪና መንዳት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከቤቴ የሁለት ቀን መንገድ ርቄያለሁ፤ ጊዜው ሌሊት ነው፣ ዝናብም አለ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት የዝናብ መጥረጊያው ፍጥነት መቀነሱን ነው። ከዚያ የፊት መብራቱ ወደ ቢጫ እየደበዘዘ መጣ። ከመሪው ፊት ያለው ክሩስኮት ላይ ሁልጊዜ 14 አካባቢ የሚቆመው የቮልት መቁጠሪያ ወደ 12 ወርዷል። ወዲያው የባትሪው ቀይ መብራት በራ፣ የፍሬኑ ኤቢኤስ መብራትም ተከተለ።

የማሞቂያውን ፋን፣ ፍሪጁን፣ ኢንቨርተሩን፣ የስልክ ቻርጀሩን ሳይቀር አጠፋሁ። ሞተሩን ግን አላጠፋሁም፤ አንዴ ካጠፋሁት እንደማይነሣ ገብቶኛል። በዝግታ እየነዳሁ ከባድ መኪኖች የሚያድሩበት ማረፊያ ገባሁ። እስከዚህ ያደረግኩት ልክ ነበር። የተሳሳትኩት ጠዋት ነው።

ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ብሎ አልነሣ አለ። ያሉበት ድረስ መጥቶ የሚሠራ መካኒክ ተጠራ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ክሩስኮቱን አየና በፍጥነት የሆነ ነገር ተናገረ። ከተናገረው ሁሉ የያዝኩት አልተርኔተር የምትለዋን ቃል ብቻ ነው፤ እኛ ዲናሞ የምንለው፣ ሞተሩ ሲሠራ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ባትሪውን የሚሞላው። ድገምልኝ ማለት አሳፈረኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፣ ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። ዲናሞው ተቀየረ፣ ሞተሩ ከሌላ ባትሪ ጋር ተያይዞ ተነሣ፣ እኔም መንገዴን ቀጠልኩ። 300 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ያው ቀይ መብራት ተመልሶ በራ።

ሁለተኛው መካኒክ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። ምንም ሳይፈቱ በፊት ሞተሩ እየሠራ ቴስተራቸውን፣ የቮልት መለኪያውን፣ አውጥተው ለኩ፤ በለኩ ቁጥር መስኮቱን ወደ እኔ እያዞሩ አሳዩኝ። ከዲናሞው ጀርባ፣ ወፍራሙ ገመድ ከታሰረበት ቡሎን ላይ፣ 14.3። ባትሪው ላይ 12.2። ዲናሞው ያመነጫል፣ ባትሪው ጋ ግን አይደርስም ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍተው፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተው፣ ገመዱን በጣታቸው እየዳበሱ ሄዱና ያበጠ ቦታ ሲያገኙ ቆሙ። ላስቲኩን በቢላ ሲገፉት መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ መዳፋቸው ላይ ረገፈ። ጤነኛ ሆነው የቀሩት ጥቂት ክሮች ብቻ ነበሩ። ገመዱ ተቀየረ፣ ባትሪው ላይ 14.2 መጣ፣ በቃ።

ያወጣሁት ገንዘብ ይቆጨኛል። ከገንዘቡ በላይ ግን ዛሬም የሚከነክነኝ ያልገባኝን ነገር ገባኝ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቴስተር ከመኪናህ አይጥፋ፤ ትንሹም ይበቃል። መኪናህ ባለ 12 ቮልት ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ባለ 24 ከሆነ እጥፉን አስብ፣ ሲሠራ 28 አካባቢ። ቁጥሩ ካልጨመረ ከዲናሞው ጀርባም ለካ። እዚያም ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ዲናሞው፣ ቮልቱን ወደሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ወይም ዲናሞውን ወደሚያዞረው ቀበቶ፣ ወደ ቺንጋው፣ ይሄዳል። እዚያ ጥሩ ሆኖ ባትሪው ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ ከቀነሰ ገመዱን፣ የባትሪውን ራስና ማሳውን፣ ከኔጋቲቩ ወደ መኪናው ብረት የሚሄደውን ገመድ፣ እይ።

ከቴስተሩም በፊት ቺንጋውን ተመልከት። በብዙ ሞተሮች ላይ የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው እሱው ነው። ተበጥሶ ከሆነ ወዲያው ቁምና ሞተሩን አጥፋ፤ እኔ ሞተሩን አላጠፋሁም ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም፣ ሞተሩ ይቃጠላል።

ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ፍታው የሚልህ ሰው ከመጣ እሺ አትበለው። የድሮ መኪና ላይ የለመደው ነው። ገመዱ ሲነቀል ቮልቱ በድንገት ይዘልና የዲናሞውን ዳዮድና የመኪናውን ኮምፒውተር ያበላሻል።

ዲናሞው በእርግጥ ሞቶ ተቀይሮም ከሆነ፣ ባትሪዎቹን በቻርጀር ሳታስሞላ አትነሣ። ባዶ ባትሪ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚጠይቀው አዲሱ ዲናሞ ይግልና ዕድሜው ያጥራል።

ቋንቋው ለከበዳችሁ ሦስት ነገር በምትኖሩበት አገር ቋንቋ አጥንታችሁ ያዙ፦ ሞተሩ እየሠራ ለካልኝ፣ ቁጥሩን አሳየኝ፣ ጻፍልኝ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከፋም። ከተሠራም በኋላ ያንኑ አስደግሙት። የመጀመሪያው መካኒክ ዲናሞውን አስሮ ሲጨርስ አንዴ ባትሪው ላይ ለክቶ ቢሆን ኖሮ ገመዱ መሞቱ እዚያው ይታወቅ ነበር።

ምላሽ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠየቅኩት እኔ ነኝ። መኪናው ባለ 24 ነው፣ ቺንጋው ደህና ነው፣ ሞተሩ አሁንም እየሠራ ነው። ቤት ለመድረስ የ4 ሰዓት መንገድ ቀርቶኛል። ሳላጠፋው በባትሪው ብቻ ብሞክርስ?

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አትሞክረው። ባለ 12 ሆነው 200 አምፒር-ሰዓት የሚይዙ ሁለት ባትሪዎች ተከታትለው ሲታሰሩ ቮልቱ 24 ይሆናል እንጂ 200ው 400 አይሆንም። ማታ መብራት አብርተህ መኪናው 40 አምፒር ቢወስድ በወረቀት 5 ሰዓት ይመጣል። ነገር ግን ያንተ ባትሪ መብራቱ ከበራ ጀምሮ ሲቀንስ ቆይቷል፣ ሙሉ አይደለም። ቮልቱ ሲወርድ ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር ባትሪው እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይዘጋል። ያን ጊዜ ከነጭነትህ መሐል መንገድ ላይ ያለ መብራት ልትቀር ነው። ጭነቱ ቢዘገይ ይዘግይ፤ ላኪዎቹን አሁኑኑ ደውለህ ንገራቸው።

ቀን ሳለ ቅርብ ወዳለው ሰፊ ማቆሚያ ግባ። ከማጥፋትህ በፊት ሁለት ቦታ ለካ፣ ባትሪው ላይና ከዲናሞው ጀርባ። እጅህን፣ እጅጌህንና የቴስተሩን ሽቦ ከቺንጋውና ከፋኑ አርቅ። ሁለቱን ቁጥሮች እዚሁ ጻፍልን፣ እየጠበቅኩህ ነው።