ደሴ ላይ እምቢ የሚል፣ ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ንክኪ የሚነሳ ሞተር

የጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ ሞተረኞች። ነገሩ ሰልችቶኛልና ልጠይቅ።

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። የምነዳው ቢኤምደብሊው አር 80 አርቲ ነው፣ በፈረንጅ የ1986 ስሪት። ሁለት ሲሊንደር ግራና ቀኝ የወጣለት፣ ፊት ለፊት ትልቅ የንፋስ መከላከያ ያለው፣ ለረጅም መንገድ የተሠራ። ብዙ ሰው የፖሊስ ሞተር ይመስለዋል። ፒያሳ ላይ ባጃጆች መንገድ ይለቁልኛል፤ እሱ እንኳ አይከፋም።

ችግሩ ጠዋት ነው። 12 ሰዓት ላይ ግቢው ጉም በጉም ነው፣ መሪው ሲነካ እጅ ይቆርጣል። ቾኩን፣ ያቺን በብርድ ለማስነሳት ተጨማሪ ቤንዚን የምትሰጠውን፣ እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ፣ ማስነሻውን እጫናለሁ። ሞተሪኖው ደህና አድርጎ ያሽከረክራል። ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። አሁንም አሁንም ሞክሬ ባትሪው ሊደክም ሲል አንዴ ይተኩስና በአንድ እግሩ እንደሚያነክስ ሰው ዱብ ዱብ ይላል። ደግፌ ላቆየው ብዬ ነዳጅ ስሰጠው ቀጥ! አከራዬ አንገታቸውን በመስኮት ብቅ አድርገው «ዛሬም?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ኮምቦልቻ ላይ ግን ሌላ ሞተር ነው። 11 ሰዓት ከሥራ ስወጣ ያለ ምንም ቾክ አንዴ ነካ ሳደርገው ብድግ። ዳገቱንም ያለ ችግር ይወጣል። ደሴን የሚጠላ ሞተር አለ እንዴ?

አንድ ጋራዥ አሳይቼው ነበር። ሳያዩት «ጄቱ ይቀየር» አሉ፤ ቤንዚኑን የምትለካዋ ትንሿ ቀዳዳ ማለታቸው ነው። ጄቱን ከየት ታመጣላችሁ ስላቸው ከሌላ ሞተር ፈትተን እናስገባለን አሉኝ። ገፍቼ ይዤው ወጣሁ። እሳት የሚሰጡት ካንዴላዎች አዲስ ናቸው፣ የአየር ማጣሪያውም ተቀይሯል። የቀረው ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው፣ እሱን ደግሞ ዝም ብዬ መበርገድ ፈራሁ። ምን ትላላችሁ?

ሐይቅ ዳር

ወንድሜ፣ ከፍታው ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ያን ሁሉ ትወርዳለህ። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ ይህን ከየት ያውቃል? ለጀርመን ሜዳ በተለካው ልክ ቤንዚኑን ይለቃል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል። አነስ ያለ ጄት አስገባበት፣ ትገላገላለህ። ካላመንከኝ ካንዴላህን አውጥተህ እየው።

የአራዳው

ኧረ ከፍታውን ተዉት። መጀመሪያ ቤንዚኑን ከየት እንደቀዳ ይንገረን። የማደያው ሰልፍ ሲረዝም ሁላችንም ከመንገድ ዳር በሀይላንድ እንገዛለን፤ መደባበቅ የለም። ነጭ ጋዝ የገባበት ቤንዚን ሞተሩ ከሞቀ ወዲያ ይቃጠላል፣ በብርድ ግን አይተንም። መዳፍህ ላይ ጠብ አድርገው። ንጹሕ ቤንዚን ቀዝቀዝ አድርጎህ ወዲያው ብን ይላል። እጅህ ላይ ቅባት ከቀረ ተበልተሃል ማለት ነው። አብሽር፣ ይህ ከሆነ ገልብጦ መሙላት ብቻ ነው።

የጦሳ ግርጌ

አመሰግናለሁ። ሁለታችሁም ያላችሁትን አየሁ።

ቤንዚኑ ንጹሕ ነው፣ መዳፌ ላይ ምንም አልቀረም። ካንዴላውን ግን ስሙኝ። ዛሬ ጠዋት እምቢ እንዳለ ሁለቱንም ነቀልኳቸው። የቀኙ ጥቁር ነው፣ ርሷል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የግራው ደረቅ ነው። ጭራሽ ደረቅ፣ ሽታም የለው። ካንዴላው ይሆናል ብዬ ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አዛወርኳቸው። ያው ነው፣ ግራው በኩል ያለው ደረቀ።

ከዚያ እንደምንም ተነስቶ ዱብ ዱብ ሲል ጣቴን ውሃ ነክሬ የጭስ ማውጫዎቹ አንገት ላይ ጠብ አደረግኩ። ቀኙ ላይ ጭስስ ብላ ጠፋች። ግራው ላይ ጠብታዋ እንዳለች ቁልቁል ተንከባለለች። ትንሽ ቆይቶ ግራው በራሱ ጊዜ ነቃና ሁለቱም መሥራት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው።

የሸዋበር ጡረተኛ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ያቺ የውሃ ጠብታ ከብዙ መካኒክ ትበልጣለች።

ሐይቅ ዳር ያለው ሐሰት አይደለም፣ ግን የዚህ በሽታ መድኃኒት አይደለም። ከፍታ ቤንዚን ያበዛል እንጂ አያሳንስም። ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ የሚለምነው ብዙ ቤንዚን ነው። ነገሩ የከፍታ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ደሴ ላይ ማስነሳት ይቀልህ ነበር። ደግሞስ ከፍታ ግራና ቀኝ ይለያል? ያንተ ግራው ብቻ ነው የሚተኛው፣ እሱም ከሞቀ ይሠራል። ከሞቀ የሚሠራ ከሆነ እሳቱም፣ ቫልቩም፣ ዋናው የቤንዚን መንገድም ደህና ናቸው።

ታዲያ ደሴና ኮምቦልቻን የሚለያቸው ምንድን ነው? ቾክ። ደሴ በቾክ ታስነሳለህ፣ ኮምቦልቻ ያለ ቾክ። የግራው ቾክ አይሠራም፣ በቃ።

አሁን ልብ በል። በዚህ ቢንግ በሚባለው ካርቡሬተር ላይ ቾኩ አየር የሚዘጋ ክዳን አይደለም፤ የራሱ ትንሽ የቤንዚን መንገድ ነው። ከካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን የሚጠራቀምባት ኩባያ አለች። ኩባያዋን ስታወርዳት ከአንዱ ጥግ ከሌላው የተለየች ጠባብ ጉድጓድ ታያለህ። ከላይ የወረደ ቀጭን የነሐስ ቱቦ እሷ ውስጥ ይገባል። ቾኩ የሚጠጣው ከዚያች ጉድጓድ ብቻ ነው። ጉድጓዷ ደግሞ ቤንዚን የምታገኘው ከግርጌዋ ባለች አንዲት ሽንቁር ነው። ሽንቁሯ ከተደፈነች ኩባያው ሙሉ ሆኖ ሳለ ቾኩ ይጠማል። ብዙ ሰው ጄቶቹን ሁሉ ሲያጥብ ይውልና እሷን ሳያያት መልሶ ይገጥማል፤ የካርቡሬተሩ ሳትሆን የኩባያዋ አካል ስለሆነች።

ከመፍታትህ በፊት ግን ገመዱን እይ። ከቾኩ ማንሻ ሁለት ገመድ ይወጣል፣ ለየካርቡሬተሩ አንድ። አንድ ሰው ማንሻውን ይሳብልህ፣ አንተ ጎንበስ ብለህ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችው ክንድ እስከ መጨረሻዋ መዞሯን ተመልከት። ግራው ገመድ ላልቶ ክንዷ ግማሽ መንገድ ላይ የምትቆም ከሆነ ሥራው እዚያው አለቀ።

ገመዱ ደህና ከሆነ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ። በግራም በቀኝም መዝጊያ ካለ ሁለቱንም። ሞተሩ የቀዘቀዘ ይሁን፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አይጠጋህ። ከሥር ጣሳ አድርግ። ኩባያዋን የያዛት የሽቦ ማንጠልጠያ ነው፣ በጣት ገፋ ስታደርገው ይለቃል፣ ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግህም። ኩባያዋን ቀጥ አድርገህ አውርዳት። ቤንዚኑን ሳትደፋው በፊት ወደ ብርሃን ያዘውና እይ። ሥሩ ላይ ውሃ ካለ ተለይቶ ድብልብል ብሎ ይታያል። ቀይ ዱቄት ካየህ የታንኩ ዝገት ነው፣ ማጣሪያ ያስፈልግሃል።

ከዚያ ሽንቁሯን አጽዳ። በመርፌ አይደለም! መርፌ ያሰፋታል። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር ምዘዝና በእሷ። ከዚያ ወደ ጎሚስታ ሂድና በአየር አስነፋት። ኩባያዋን ብቻ ይዘህ ሂድ። ሙሉውን ካርቡሬተር በኮምፕሬሰር ካስነፋህ ላይኛው ክዳን ሥር ያለው ስስ ጎማ ይቀደድና ሌላ ለቅሶ ታመጣለህ።

ሁለቱንም ጎን ባንድ ጊዜ አትፍታ። የቾኩ ውስጠኛ ዕቃ ግራና ቀኙ የተለያየ ነው። ከተቀያየረ ቾኩ ሲከፈት የሚዘጋ፣ ሲዘጋ የሚከፈት ይሆንብሃል። ያን ጊዜ እኔን እንኳ አታገኘኝም፣ ስልኬን ዘግቼ ነው የምተኛ።

ሌላው ነዳጅ መስጠትህ ነው። ቾክ ከፍተህ እጅህ ወደ ነዳጁ አይሂድ። ይህ ቾክ የሚስበው የካርቡሬተሩ የአየር በር ሲዘጋ በሚፈጠረው ስበት ነው። ነዳጅ ስትሰጥ በሩ ይከፈታል፣ ስበቱ ይጠፋል፣ የቾኩ ቤንዚን ይቆማል። ለዚያ ነው ቀጥ የሚልብህ። ዝም ብለህ ተጫነው፣ ሲነሳም ዝም በለው።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅህ። ካንዴላ ነቅለህ እሳት ስታይ ሁለቱንም ካንዴላ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካቸው። ከቤንዚኑም አርቃቸው። የዚህ ሞተር እሳት በኤሌክትሮኒክስ ነው፣ መውጫ ሲያጣ ሳጥኑን ያቃጥለዋል። ያ ሳጥን ሰኞ ገበያ አይሸጥም።

የጦሳ ግርጌ

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ገመዱን አየሁ፣ ሁለቱም ክንዶች እኩል ይዞራሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ኩባያዋን አወርዳለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ። የኩባያዋ ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ቢቀደድብኝ ከውስጥ ጎማ ቆርጬ ላስገባ? ደግሞ በጎን ማቆሚያው አቁሜው ሳድር ጠዋት ግራው ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ፒስተኑ አልቆ ይሆን?

የሸዋበር ጡረተኛ

የውስጥ ጎማ በፍጹም። ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ከዚያ ኩባያዋ አትገጥምም። ቤንዚን የሚችል የጓርኒሲዮን ወረቀት ገዝተህ ኩባያዋን ላዩ ላይ አስቀምጠህ በእርሳስ ዙርና ቁረጥ።

ጭሱ አያሳስብህ። በጎን ስታቆመው ወደ ግራ ይጋደማል፣ ዘይት ቀስ እያለ ወደ ግራው ሲሊንደር ይገባል። በአግድም የተጋደመ ሲሊንደር ጠባይ ነው። በመሐል ማቆሚያው አሳድረው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ በእጅ አትጎትተው፣ እግርህን ማቆሚያው ላይ አድርገህ በክብደትህ ቁም፣ ራሱ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ የሚጨስ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

የአራዳው

ባትሪውንም አደራ። እንዲህ ሲታገል ከርሞ ደህና ነው አይባልም። ሞተሪኖውም በኋለኞቹ ዓመታት የገባው ቫሌዮ የሚባለው ስሪት ከሆነ ማግኔቶቹ የተያዙት በማጣበቂያ ነው፣ እየለቀቁ ይወድቃሉ። ሳይታሰብ ድንገት ቀጭ ብሎ ቢነክስብህ እሱ ነው።

የጦሳ ግርጌ

ወሬ ይዤ መጣሁ።

ኩባያዋን አወረድኳት። ቤንዚኑ ንጹሕ ነው፣ ውሃም ዝገትም የለውም። ያቺን የጥግ ጉድጓድ ግን አይቼ ሽንቁሯን አጣኋት። ሥሯ ላይ እንደ ሙጫ የደረቀ ቡናማ ነገር ተጋግሯል። ሞተሩ ከእኔ በፊት ለረጅም ጊዜ ቤንዚን እንደያዘ ቆሞ ነበር፣ ያ ቤንዚን ተንኖ የቀረው ነው። ካርቡሬተር ማጽጃ ረጭቼ አቆየሁት፣ ከዚያ የመዳብ ክሯን ስገፋ ጠቅ አለችና በሌላው ወገን ብቅ አለች። ጎሚስታው «ይህችን ብቻ?» ብሎ ስቆ ነፋልኝ፣ ሳንቲምም አልተቀበለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ብርዱ ያው ነው። ቾክ፣ እጅ ከነዳጁ ላይ ወርዶ፣ አንድ ረዘም ያለ መጫን፣ ተነሳ። በሁለቱም! ውሃ ጠብ አደረግኩ፣ ግራውም ጭስስ አለ። አከራዬ ዛሬ አልወጡም።

አሁን የቀረኝ ሁለቱም ካንዴላዎች እኩል መጥቆራቸው ነው። ይህስ ችላ የሚባል ነው?

ሐይቅ ዳር

ነግሬሃለሁ!

የሸዋበር ጡረተኛ

አዎ፣ እሱ ያንተ ድርሻ ነው ሐይቅ ዳር። እኩል መጥቆር የከፍታ ነው። ግን ጄት ለመቀየር አትቸኩል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ከፍና ዝቅ የምትል መርፌ አለች፣ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋት። ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ በነጻ። ሚኒሞውንም፣ ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ አስተካክለው እንጂ ጠዋት በብርድ አትነካካው።

በባቲ አድርገህ ወደ ሚሌ የምትወርድ ከሆነ ግን መርፌዋን መልሳት። እዚያ ከ500 ሜትር ብዙ የማይርቅ ቦታ ነው፣ አየሩ ወፍራም፣ ፀሐዩ እሳት። ለደሴ በቀነስከው ቤንዚን ያን ሜዳ በፍጥነት ከነዳኸው ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል።