ፊልተር ፔዳሌ ብቻውን ያፏጫል፣ ቤዙም ጠፋ!

ጠያቂ፦ ሰዎች ድረሱልኝ፣ ነገ ጠዋት ቀረጻ አለኝ። የጊታሬን ድምፅ የሚቀርጸው አናሎግ ፊልተር ፔዳሌ አብዷል። የሬዞናንሱን ማዞሪያ ግማሽ ሳላደርሰው ማፏጨት ይጀምራል። ጊታሩን ነቅዬም ያፏጫል። ቤዙማ ድምጥማጡ ጠፍቷል። ምን ላድርግ?

መላሽ 1፦ ኬብል ቀይር። ሁሌም ኬብል ነው።

ጠያቂ፦ ነቅዬም ያፏጫል አልኩ እኮ!

መላሽ 2፦ መጀመሪያ ሬዞናንስ ምን እንደሆነ እንግባባ። ሎው ፓስ ፊልተር ከካትኦፉ፣ ማለትም መቁረጥ ከሚጀምርበት ቅጥነት፣ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይቀንሳል። ሬዞናንስ ደግሞ ከመውጫው ላይ ድምፅ ቀንሶ ወደ መግቢያው መመለስ ነው። ያኔ ካትኦፉ አካባቢ ያለው ድምፅ ብቻ ጉብ ይላል። ካትኦፉን ስታዞር ጉብታው አብሮ ይሄዳል፤ «ኡ» ብለህ አፍህን ቀስ እያልክ ወደ «አ» ስትከፍት እንደሚሰማው። የሲንተሳይዘር ሠሪው ሮበርት ሙግ በ1969 ፓተንት ባገኘበት ላደር (መሰላል) ፊልተር 4 ደረጃዎች አሉ። እያንዳንዱ ካትኦፉ ላይ ድምፁን 45 ዲግሪ ያዘገያል፣ ሲደመር 180፣ ማለትም ግማሽ ዙር። ድምፁም ወደ ሩብ ይወርዳል። ሲመለስ ደግሞ ስለሚገለበጥ ከሚገባው ድምፅ ጋር ይገጥማል፤ 4 እጥፍ ስታጎላው ኪሳራው ይካካስና ፊልተሩ ራሱ ይዘፍናል።

መላሽ 3፦ ይሄን አንብቦ ሲጨርስ ቀረጻው አልፏል።

መላሽ 4፦ ማን ተበላሸ አለህ? ፉጨቱ ጸባዩ ነው፣ ሆን ብሎ የሚጫወትበትም አለ። ቤዙም እንደዚያው። ላደር ከሆነ ሬዞናንስ በጨመርክ ቁጥር የታችኛው ድምፅ ይሳሳል። ፉጨቱ በሚጀምርበት ቦታ 14 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፣ አንድ አምስተኛው ብቻ ቀረ ማለት ነው። ሚክስ ማዞሪያ ካለው ንጹሑን ድምፅ ጨምርበት።

ጠያቂ፦ ድሮ ግን የሚያፏጨው መጨረሻው ጋ ሲደርስ ነበር።

መላሽ 5፦ እንግዲያው ካትኦፉን አዙረው። የፉጨቱ ቅጥነት አብሮ ከተቀየረ ፊልተሩ ነው። ካልተቀየረ ሌላ ቦታ ፈልግ፣ አዳፕተሩንም ጨምሮ። ለመሆኑ ከፍተኸው ነበር?

ጠያቂ፦ አብሮ ይቀየራል። አዎ፣ ባለፈው ሳምንት አቧራ ላራግፍለት ከፍቼው ነበር። አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ነገር የላላች መስሎኝ በካቻቪቴ ጠበቅ አድርጌያታለሁ።

መላሽ 3፦ አቧራውስ ወጣ?

መላሽ 5፦ ትሪመር ነች እሷ፣ በካቻቪቴ የምትስተካከል ትንሽ ማዞሪያ! የሬዞናንሱን ጣሪያ የምትወስነዋ ሳትሆን አትቀርም። መጀመሪያ ያለችበትን ፎቶ አንሳ። ሄድፎን ካደረግህ አውልቅ፣ ድምፁንም ቀንስ። ከዚያ ሬዞናንሱን እስከ ጥግ ክፈትና ፉጨቱ እዚያ ጥጉ ላይ ብቻ እንዲጀምር አድርገህ በጣም በትንሽ በትንሹ መልሳት።

መላሽ 1፦ ኬብሉንስ ሞከርከው?

ጠያቂ፦ ከፈትኩት። ሰማያዊዋ ሁለት ሆና ተገኘች። የትኛዋን እንደነካሁ አላስታውስም!

መላሽ 5፦ አንዷን ነካ አድርጋት። ፉጨቱ ከቀጠነ ወይ ከወፈረ የካትኦፍ ናት፣ ወደነበረችበት መልሳት። ሌላኛዋን ሞክር።