አንገት ላይ የሚፈነዳውን ነገር ምን እንበለው?

ቃል ፈላጊ (አዳማ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ቃል ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ለውጭ ፊልሞች ከስር የሚሄደውን አማርኛ እጽፋለሁ። አሁን የያዝኩት ላይ እስረኞች አንገታቸው ላይ ብረት ይቆለፍባቸዋል። ብረቱ ውስጥ ፈንጂ አለ። ከመስመር ያለፈ አለቀለት። ሊፈታው የነካካም እንዲሁ። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው «ዘ ራኒንግ ማን» ፊልም የካምፑን ድንበር የተሻገረ እስረኛ አንገቱ ላይ ያለው ይፈነዳል። በ1999 የታተመው የጃፓን ልቦለድ «ባትል ሮያል» ደግሞ ያንኑ ብረት ተማሪዎች አንገት ላይ ያስገባዋል።

እኔ መጀመሪያ «ፈንጂ ኮሌታ» ብዬ ጻፍኩ። ፖስታ ቤት አካባቢ ካፌ ተቀምጠን ላፕቶፑን ወደ ጓደኛዬ አዞርኩለት። እስረኛው «ይህን ኮሌታ አውልቁልኝ!» ሲል ልጁ በማኪያቶው ትን አለው። «ምነው፣ ሳይተኮስ ነው እንዴ ያለበሱት?» አለኝ። እውነቱን ነው። ኮሌታ የሸሚዝ ነው። «አንገትጌ»ም ያው ልብስ ነው።

ከዚያ «ማነቆ» አልኩ። ከ«አነቀ» የወጣ፣ ጉልበት ያለው ቃል ነበር። ነበር ያልኩት በምክንያት ነው። አሁን ስብሰባ በልቶታል። «ያጋጠሙ ማነቆዎች» ሲባል ጆሯችን የሚጠብቀው «የተወሰዱ መፍትሔዎች» የሚለውን ነው። እስረኛው «አንገቴ ላይ ማነቆ አለ» ካለ ተመልካቹ የስድስት ወር ሪፖርት የተከፈተ ይመስለዋል።

እርዱኝ። ቦታ የለኝም። ሁለት ቃል፣ ቢበዛ ሦስት።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦

ወንድሜ፣ «ሸምቀቆ» የት ሄዶ ነው?

ልጆች ሆነን ከፈረስ ጭራ ሸምቀቆ እየሠራን ወፍ እናጠምድ ነበር። ጭራውን በጣታችን እናሾረዋለን፣ ጫፉን እናሾልካለን፣ ጥሬ በተን እናደርግበታለን። ወፏ ዝም ብትል ሸምቀቆው አይነካትም። ልትበር ስትል ነው አንገቷን የሚይዛት። አንተ ያልከው ብረትም ጸባዩ ይኸው አይደል? ካልሸሹት ዝም ይላል።

ቃል ፈላጊ፦

ጸባዩ ቁጭ ብሏል። ግን ሸምቀቆ ገመድ ነው። ተመልካቹ የሚያየው ደግሞ ድፍን ብረት ነው፣ ቀይ መብራት የምትበራበት። ደግሞ ሸምቀቆ ቀስ እያለ ይጠብቃል፤ ይኼ አንዴ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦

እግር ላይ ያለንን ቃል ረሳችሁት። እግረ ሙቅ አለን። ወደ ላይ አውጡት፦ አንገተ ሙቅ። ሁለት ቃል፣ ስድስት ፊደል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላጥራ። ብዙ ሰው «ሙቅ» ሲባል የሚሞቅ ነገር ይመስለዋል። ብረቱ እግር ስለሚያግል ነው ብሎ ድርቅ ያለብኝም አለ። አይደለም። ግእዙ «ሞቅሐ» ነው፤ አሰረ ማለት ነው። «ሙቁሓን» ሲባል እስረኞች ማለት ነው። አማርኛ መጨረሻዋን ፊደል ዋጣትና «ሙቅ» ቀረ። ስለዚህ እግረ ሙቅ ውስጥ እስራት እንጂ ሙቀት የለም።

ቃል ፈላጊ፦

ፈንጂ ስላለበት የተሳሳተውም ትርጉም ይሠራልኛል! በተለይ ለአዳማ ሰው። እዚህ በሚያዝያ አንገተ ሙቅ ያልሆነ የለም።

ጡረተኛው መምህር (ሐዋሳ)፦

ልጆቼ፣ የዕቃውን ስም አግኝታችኋል። ደግ። የሰውየውን ስም ግን አልነካችሁትም። ያ ብረት የገባበት ሰው ምን ይባላል? እስረኛ ብቻ ነው? እስረኛ እኮ በር ሲከፈትለት ይወጣል። የእናንተው ሰው በሩ ክፍት ሆኖም መሄድ አይችልም።

ቃሉ «ቁራኛ» ነው።

በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ ይቆራኙ ነበር። የአንዱ ነጠላ ጫፍ ከሌላው ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጠራል፤ ሁለቱ አብረው መንገድ ይሄዳሉ። ዕዳና ከባድ ወንጀል ከሆነ ደግሞ ጨርቁ በሰንሰለት ይተካል፤ እጅ ከእጅ። እስቲ አስቡት። አበዳሪው ውኃ ሽንት ሲለው ባለዕዳው አብሮ ይነሳል። አንዱ ሲተኛ ሌላውም ይጋደማል። ወኅኒ ቤት አያስፈልግም። ጠባቂውም ታሳሪ ነው።

ልማዱ ጠፋ፣ ቃሉ ግን ቀረ። ታሞ የማይነሳውን ሰው «የአልጋ ቁራኛ» እንላለን። ከአልጋው ጋር ተቋጥሯል ማለታችን ነው። የማናምነውን ሰው «በዓይነ ቁራኛ» እናየዋለን። ይህችኛዋ ለእናንተ ፊልም የተሰፋች ናት። ገመድ የለ፣ ሰንሰለት የለ፤ ዓይን ብቻውን አስሮ ይዞታል። ጠባቂው ማማ ላይ ቆሞ ቁልፉን በጣቱ ሲዳብስ፣ እዚያ ታች ያለው ሰው ቁራኛው ነው።

የሚገርመኝ የ«ቁርኝት» ነገር ነው። ከዚያው ከሰንሰለቱ ወጥቶ ዛሬ የፍቅር ቃል ሆኗል። «የቆየ ባህላዊ ቁርኝት» ሲባል ሁሉም ያጨበጭባል። እኔ ብቻዬን ካቴና ይታየኛል።

ፊደል ቆጣሪ፦

መምህር፣ እጅ ነስቻለሁ። እርስዎ ያሉት ቃል በቃል ፊልም ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ «ዌድሎክ» የሚባል አለ። የአንዱ እስረኛ አንገት ብረት ከሌላ እስረኛ ብረት ጋር ተጣምሯል። ከ100 ያርድ በላይ፣ ማለትም ከ91 ሜትር ገደማ በላይ ከተራራቁ የሁለቱም ይፈነዳል። ከማን ጋር እንደተጣመረ ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። የእኛ ሰዎች ቢያንስ ቁራኛቸውን ያውቁት ነበር፤ ነጠላው ላይ ይታያል።

ርዕሱ በእንግሊዝኛ ጋብቻ ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ሎክ» ቁልፍ ትመስላለች፣ ፊልሙም በዚያ ይጫወታል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ከቁልፍ ጋር ዝምድና የላትም። ቃል ኪዳን በሚል ስም ላይ የተለጠፈች ቅጥያ ናት። ከ«ሙቅ» ጋር አንድ ዕጣ ደርሷታል።

ሐይቅ ዳር፦

ጋብቻና ቁራኛ ባንድ ርዕስ። ባለቤቴ ይህን እንዳታነብ።

ነርሷ፦

እኔ የምጨነቀው ለሌላው ዓይነት ነው። ቆዳ ሥር ለሚገባው። እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራው «እስኬፕ ፍሮም ኒው ዮርክ» ላይ ሰውየው አንገቱ ላይ መርፌ ይወጋል፤ ፈንጂዎቹ ደም ሥሩ ውስጥ ገብተው 22 ሰዓት ይሰጡታል። ይህን «ተተከለበት» ብለው ሲተረጉሙ አይቻለሁ። እባካችሁ። እኛ ሆስፒታል ውስጥ የምንተክለው እንዲጠቅም ነው። ንቅለ ተከላ የምንለውም ለኩላሊት ነው። ችግኝም የሚተከለው እንዲያድግ ነው።

አማርኛ ለፈንጂ የራሱ ግሥ አለው። ፈንጂ ይቀበራል። «አንገቱ ውስጥ ፈንጂ ተቀብሮበታል» በሉ። ያን ጊዜ ሰውየው በቁሙ ፈንጂ ወረዳ ይሆናል። መቃብሩንም ይዞ ይዞራል።

ቃል ፈላጊ፦

እህቴ፣ ያለ ክፍያ ወሰድኩት።

እሙ ፍሬ፦

አንድ ነገር ልጨምር። አሳሪ እኮ ብረቱን በስሙ አይጠራውም። «ያሰርኩህ» አይልም። ደስ የሚል ስም ያወጣለታል። ገዢዎቹ ራሳቸው «ማተብ» ቢሉትስ? «ማተብህን እንዳትነካ» ሲሉ።

ሐይቅ ዳር፦

እሙዬ፣ ይቅር በይኝ፣ ይኼ ደስ አላለኝም። ማተብ ልጅ ክርስትና ሲነሳ የሚታሰር ነው። ሰው በማተቡ ይምላል። ቃሉን ያጠፈውን «ማተብ የለሽ» እንለዋለን።

እሙ ፍሬ፦

ደስ እንዳይልህ ነው ያልኩት። ተመልካቹም ደስ እንዳይለው ነው። ደግሞ አስበው፤ ሁለቱም ጉዳቸው የሚፈላው ሲበጠሱ ነው። አንደኛውን ግን ሰው ወዶ ያስረዋል፣ እናቱ ታስርለታለች።

ሐይቅ ዳር፦

ለልቦለድ ይሁንልሽ። ለዚህ ፊልም ግን አይሆንም። ከስር ቆሞ የሚያስረዳ የለም። አያቴ ቢያዩት ቴሌቪዥኑን ነው የሚያጠፉት።

ጡረተኛው መምህር፦

በዚህ ከልጄ ከሐይቅ ዳር ጋር ነኝ። ግን ሐሳቧ የጸሐፊ ሐሳብ ነው። እሙ፣ ጻፊው።

ቃል ፈላጊ፦

ትናንት ማታ ጨረስኩት። ዕቃው «አንገተ ሙቅ» ሆኗል። መጀመሪያ ሲመጣ ብቻ «ፈንጂ ያለበት» ብዬ አስቀድሜለታለሁ። ሽማግሌው እስረኛ ለአዲሱ ልጅ ነገሩን ሲያስረዳው «ከዛሬ ጀምሮ የእሱ ቁራኛ ነህ» ይለዋል፣ በጣቱ ወደ ማማው እያሳየ። እንግሊዝኛው ይህን አይልም። ግን አፉና አማርኛው ገጠሙ። ያው ጓደኛዬ አየው። በዚህኛው አልሳቀም፤ ማኪያቶውም በረደበት።

አንድ ያሸነፈኝ አለ። ጠባቂው የሚጫናትን ነገር «ሪሞት» ብዬ ትቼያታለሁ። «የርቀት መቆጣጠሪያ» ብዬ ሞክሬ ነበር። ተመልካቹ አንብቦ ሳይጨርስ ሰውየው ይፈነዳል።