ዮሐናን ቤን ዘካይ ከኢየሩሳሌም መውጣታቸው ልክ ነበር?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤተ መቅደሱ በ70 (እ.ኤ.አ.) ከመፍረሱ በፊት ሮማውያን ኢየሩሳሌምን ከብበው ነበር። ውስጥ ያሉት ዐማፂዎች ደግሞ የእህል ጎተራውን አቃጥለው ሕዝቡ ተርቧል። ታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ ጠቢባን የሕግና የትውፊት መጽሐፍ፣ እንደሚተርከው፣ የዘመኑ ታላቅ የኦሪት መምህር ራባን ዮሐናን ቤን ዘካይ የሞቱ መስለው በደቀ መዛሙርታቸው ሸክም ወጡ። ከሮማው ጦር አዛዥ ከቬስፓሲያን ፊት ቀርበውም "ያቭኔንና ጠቢባኗን ስጠኝ" አሉት፤ ያቭኔ የጠቢባን ትምህርት የቀጠለባት ከተማ ናት። ከተማዋን ግን አልለመኑም። ምን ትላላችሁ?

ከጎንደር፦ ልክ አልነበሩም። ሕዝብ እየተራበ መሪ ሾልኮ አይወጣም። ትችቱ እዚያው ታልሙድ ውስጥ አለ። ከኋላ ዘመን ጠቢባን ራቭ ዮሴፍ፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ረቢ (መምህር) አኪባ፣ ኢሳይያስ "ጥበበኞችን ወደ ኋላ የሚመልስ" ያለውን ለእሳቸው ጠቅሰውታል። "ለዛሬ ማራቸው" ማለት ነበረባቸው።

ከአዲስ አበባ፦ ወንድሜ፣ መልሱንም ጨምርበት እንጂ። ብዙ ቢጠይቁ ጥቂቷንም ያጡ ነበር፤ ይህን የሚለውም ታልሙዱ ራሱ ነው። አኪባን ካነሳህ አይቀር፣ ከማን ተማሩ? ሬሳ መስለው የወጡትን መምህር ከተሸከሙት ከኤሊዔዘርና ከኢያሱ! አኪባን በጣም እወዳቸዋለሁ። በአርባ ዓመታቸው ትምህርት የጀመሩ እረኛ ናቸው። ሮማውያን ሥጋቸውን በብረት ማበጠሪያ ሲቦጭቁ "እስራኤል ሆይ፣ ስማ" እያሉ ሞቱ። ግን በሮም ላይ ያመፀውን መሪ ባር ኮክባን መሲሕ ነው ብለው ደገፉ፤ ከ132 እስከ 135 የተደረገው ጦርነትም በእልቂት አለቀ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን መልሰው ያቋቋሙት ደቀ መዛሙርታቸው ናቸው። በ200 አካባቢ ሚሽና፣ የታልሙድ መሠረት የሆነው የቃል ሕግ ስብስብ፣ የተሰናዳው በእነሱ ትከሻ ላይ ነው። ያለ ያቭኔ ይሁዲነት ጠፍቶ ነበር።

ከነታንያ፦ እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፤ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ታመኛለች። አባቶቻችን ሚሽናም ታልሙድም ሳይኖራቸው በኦሪትና በቄሶቻችን ሰንበትን ጠብቀዋል። የፋሲካውን በግም ሠውተዋል። እስራኤል ስንገባ ግን አይሁድነታችን ተጠርጥሮ፣ እንደ አዲስ አማኝ ለሥርዓት ውኃ ውስጥ ግቡ ተባልን። በ1985 ሰዎቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ። ጠቢባኑን አከብራለሁ፤ ብቸኛው መንገድ ሲደረጉ ግን አልቀበልም።

ከአዲስ አበባ፦ እውነትሽን ነው እህቴ፣ ይቅርታ። "የረቢዎች ይሁዲነት" ማለት ነበረብኝ። በያቭኔው ነገር ግን አቋሜ ያው ነው።

ከጎንደር፦ እኔም አልተዋጠልኝም። ዮሐናን ሊሞቱ ሲሉ አልቅሰዋል። "ከፊቴ ሁለት መንገድ አለ፤ በየትኛው እንደሚወስዱኝ አላውቅም" አሉ። እንዲህ ያለ ጻድቅ ምን አስፈራው? በእኔ እምነት ያቭኔን የጠየቁባት ሰዓት እስከዚያ አልጋ ድረስ ተከትላቸዋለች።